በሰሜን ዋልታ አካባቢ የባሕር ወፎችን በመራቢያ ወቅት እንዴት መከታተል ይቻላል?

ከኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቫርዶ ከተማ በጀልባ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የምትርቀው የሆርኖያ ደሴት በግንቦትና በሰኔ ገደሏ በወፍ ይሸፈናል። ጊልሞት፣ ፓፊንና ኪቲዌክ የተባሉት የባሕር ወፎች ተጠጋግተው እንቁላል ስለሚጥሉባት ለጀማሪ ትመቻለች።

ቴሌስኮፕ ከነመቆሚያው፣ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። በእርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ድሮን ወፎቹን ስለሚያስበረግግ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ራቅ ብለው ከተቀመጡ በኋላ ወፎቹ እስኪለምዱዎት ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሡ። መላውን ገደል ለመቁጠር አይሞክሩ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል መርጠው ፎቶ ያንሡ፣ አሳትመውም እያንዳንዱ ወፍ የያዘውን ቦታ በቁጥር ምልክት ያድርጉበት።

ከሁሉም የሚከብደው እንቁላል የታቀፈውን ጊልሞት ካልታቀፈው መለየት ነው። ጊልሞት ጎጆ አይሠራም፤ አንዲቷን እንቁላሉን በባዶው ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ በእግሩ ላይ አሳርፎ በሆዱ ይሸፍናታል፤ ወንዱና ሴቷም እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፏታል። ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ አጎንብሶ የተቀመጠ ወፍ ታቅፎ ይሆናል፤ ይህ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማረጋገጫው ፈረቃው ነው። ከባሕር የተመለሰው ወፍ ከጓደኛው ጎን ያርፋል፣ አንገት ለአንገት ይተሻሻሉና ተቀማጩ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ያን ጊዜ አንድ ጫፏ የሾለ ዝንጉርጉር እንቁላል ለጥቂት ሰከንድ ትታያለች። «እንቁላል» ብለው የሚመዘግቡት ይህን ካዩ ብቻ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ መጠበቁ ሰልችቶኝ የተሻለ ለማየት ድንገት ብድግ አልኩ። በአንድ እርከን ላይ የነበሩት ጊልሞቶች በሙሉ ተነሥተው ሲበሩ አንዲት እንቁላል ተንከባልላ ወደቀች፤ ሌላዋን ሲጋል የተባለው እንቁላል የሚበላ የባሕር ወፍ ነጠቃት። ጊልሞት አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የሚጥለው አንዲት እንቁላል ስለሆነ ያ ጥፋት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቦታ መቀየር ካለብዎ በርከክ ብለው፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሽሹ እንጂ ወደ ገደሉ አይጠጉ።

ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ ምግብ የመጣበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ጊልሞት አንድ ዓሣ ብቻ ጭራው ወደ ውጭ እንደ ሆነ በቁመቱ ይዞ ይመጣል፤ ፓፊን ግን ብዙ ትናንሽ ዓሦችን በመንቁሩ አግድም ይደረድራል። በሰኔ ፀሐይ ስለማትጠልቅ በሌሊቱም ሰዓት እየተቀያየሩ ይከታተሉ።

የጊልሞት ጫጩት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው፣ መብረር ሳይችል፣ አባቱ ከታች እየጠራው ከገደሉ ወደ ባሕር ይዘላል። ያን ምሽት ቴሌስኮፑን ከእርከኑ ወደ ውኃው አዙረው ሁለቱ ጎን ለጎን እየዋኙ ሲርቁ ሰዓቱን ይጻፉ።