ነፋሱ ዘፈነ፣ ዘፋኙ ጠፋ፦ የሙዚቃ ቪዲዮ ስትለቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ የሰፈሬ ሰው ለጥር ልጁን ሊድር ማሲንቆ ተጫዋች ይፈልግ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ማሲንቆ የሚመታ ጠፍቶ አይደለም። እሱ ግን ስልኩን አወጣና ቲክቶክ ከፈተ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አንዱን ሦስት ሰከንድ አየና አለፈው። ሌላውን ከፈተ። "ይሄ ደግሞ ምን ይላል? አይሰማም እኮ!" አለ። አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አሥራ ምናምን ሰው አሳለፈ። ሁለቱን በአካል አውቃቸዋለሁ። ሰርግ ቤት ሲገቡ ሽማግሌ ከወንበሩ የሚያስነሱ ናቸው። ቪዲዮአቸው ግን ማንንም አላስነሳም።

እኔ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋ ሮቢት ልጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስህተቱ ሁሌ ያው ስለሆነ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ መቅረጽ

ሁሉም ሰው ጣርማ በር ላይ መቀረጽ ይፈልጋል። አልፈርድም። ጉሙ ከታች ሲወጣ፣ ገደሉ ሲታይ፣ ጋቢው ሲውለበለብ ያምራል። ችግሩ ጋቢውን የሚያውለበልበው ነፋስ መሆኑ ነው።

አንድ የመንዝ ልጅ እንዲህ ያለ ቪዲዮ አመጣልኝ። ምስሉ ፖስትካርድ ነው። ድምፁን ስከፍት ሹ... ሹ... ሹ... ይላል። ልጁ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ደጋኑ ይሄዳል፣ ይመጣል። ማሲንቆው የለም። "ነፋሱን አጥፋልኝ" አለኝ። ማጥፋት ይቻላል፣ ግን የነፋሱ ጉርምርምታና የማሲንቆው ወፍራም ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቀዋል። አንዱን ስቀንስ ሌላው አብሮ ሳሳ። በመጨረሻ የወጣው ማሲንቆ ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ መሰለ።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ምስሉን እዚያው ቅረጹ፣ ድምፁን ደግሞ ቤት ገብታችሁ በሌላ ስልክ ቅረጹ፤ ከዚያ ይገጣጠማል። ዜማው በሁለቱም እኩል ፍጥነት መሄዱን ግን ተጠንቀቁ። የግድ ሜዳ ላይ ከሆነ የድንጋይ ካብ ወይም ግድግዳ ተከለሉ። ልብስ ላይ የምትሰካ ማይክ ካለቻችሁ ጠጉራም ልባስ አልብሷት። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት ልባስ ጠጉራም ነው። የበግ ጠጉር ደግሞ በመንዝ ጠፍቶ አያውቅም።

ቤት ውስጥስ? ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ድምፁን እየመለሰ ይረብሻል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ልብስ የለኝም ቢለኝ አላምንም። ስልኩን አንድ ክንድ ተኩል ያህል አስጠጉት። ከበሮ ካለ ከበሮውን ወደ ኋላ አርቁት። ምክንያቱም ስልክ ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ በራሱ ጊዜ ድምፅ ይቀንሳል። አንዲት እናት እልል ስትል ዘፋኙ ጉድጓድ የገባ የሚመስለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ሃያ ሰከንድ ብቻ ቅረጹና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ይህን የሚያደርግ ሰው እስካሁን ብዙ አላየሁም፤ ሁሉም ሙሉውን ቀርጾ ነው የሚያለቅሰው።

መቃኘቱን ሁሉ ማሳየት

ሰርግ ቤት ማሲንቆ ሲቃኝ ሰው ይታገሣል። ጠላው አለ፣ ጨዋታው አለ። ስልክ ላይ ግን ጣት አለ። ቪዲዮአችሁ በመቃኘት ከጀመረ ጣቱ አልፎታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ንስር የሚበርበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ስማችሁ የሚሽከረከርበት መግቢያ ነው። ቀጥሎ "ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ..." ይመጣል። ወገኖቼ፣ ገና ምን ሰማንና?

ድምፃችሁ ከሚነሳበት ግቡ። ቢቻል "ተቀበል!" ከምትሉበት።

ወርቁን ቆርጦ ሰሙን መልቀቅ

እንደ ኤዲተር ከምንም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቪዲዮ አጭር ይሁን ስለተባለ ሠላሳ ሰከንድ ሲሞላ ይቆርጡታል፤ የትም ይሁን። የእኛ ግጥም ግን ቤት አለው። ሁለተኛው ስንኝ መጥቶ ቤቱን ካልመታ የመጀመሪያው አየር ላይ ይቀራል። ቅኔ አዘል ከሆነማ ወርቁ ያለው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ሰሚው ፈገግ ሊል ሲል ቪዲዮው ያልቃል።

ስለዚህ በሰከንድ ሳይሆን በስንኝ ቁረጡ። አርባ ሦስት ሰከንድ ሆነ? ይሁና። ሙሉውን ዩቲዩብ ላይ አስቀምጡ፣ ከእሱ ላይ አንድ ሙሉ ግጥም ነጥሎ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነው።

በሰው ድምፅ ላይ አፍ ማንቀሳቀስ

ለጨዋታ ጥሩ ነው። ሥራ ለሚፈልግ ዘፋኝ ግን ምንም አይጠቅምም። ልጁን የሚድረው ሰው መስማት የሚፈልገው የእናንተን ጉሮሮ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ዩቲዩብም የተመዘገበ ቅጂ ሲያገኝ በራሱ ይለያል። ከዚያ ገቢው ለባለቤቱ ይሄዳል ወይም ቪዲዮው ይታገዳል። ከአያቶቻችን የወረደ የሕዝብ ዜማ በራሳችሁ ድምፅና በራሳችሁ ማሲንቆ ስትሠሩት ነገሩ ይቀላል። ያንኑ ዜማ ሌላ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸውን ከሥር ካጫወታችሁ ግን ቅጂው የእሱ ነው።

"ቪዲዮ 2" የሚባል ርዕስ

ማን ብሎ ይፈልገዋል? "ጉድ ነው! እስከ መጨረሻው ተመልከቱ"ም ያው ነው። ስማችሁን፣ አካባቢያችሁን፣ የምትጫወቱትን ጻፉ፦ የመንዝ ማሲንቆ፣ የሸዋ የሰርግ ዘፈን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አንዱ "ማሲንቆ" ሌላው "መሲንቆ" ብሎ ይጽፋል፤ ማብራሪያው ላይ ሁለቱንም አስገቡ። ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል እንደሚፈልግም አትርሱ። ስማችሁ ደግሞ ቲክቶክም ዩቲዩብም ላይ አንድ ይሁን።

ስለ ቴሌግራም በአጭሩ፦ ለኤዲተር ቪዲዮ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩ። አለዚያ ተጨምቆ፣ ደብዝዞ ነው የሚደርሰኝ።

ሳያስፈቅዱ የሰው ሰርግ መልቀቅ

አንድ ልጅ ጥሩ ዘፍኖ፣ ጥሩ ተቀርጾ፣ ጥሩ ብር ተሸልሞ ቪዲዮውን ማታውኑ ለቀቀው። ከኋላው የሙሽራዋ አጎት ሞቅ ብሏቸው ሲጨፍሩ ይታያሉ። ኮሜንቱ በሙሉ ስለ አጎትየው ሆነ። ቤተሰቡ ተቀየመ፣ ቪዲዮው ወረደ። ከዚያ ዘመድ ሁሉ ልጁን ሳይጠራው ቀረ። ባለቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ነው።

ከዩቲዩብ ብር ቶሎ መጠበቅ

ሒሳቡን እንሥራው። ከማስታወቂያ ለመካፈል 1,000 ተከታይ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ወይ ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጫጭር ቪዲዮ እይታ። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ ሦስት ደቂቃ ቢያይላችሁ 80,000 ጊዜ መታየት አለባችሁ። ይቻላል፣ ግን ለነገ አይደርስም። ተከታይ መግዛትማ አታስቡት። የተገዛ ተከታይ አያይም፣ አይደውልም፣ ሰርግም አይደግስም። ከአንኮበር አንድ ሰው "የት ነው የምትገኘው?" ብሎ ቢጽፍ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ወደ ሰፈሬ ሰው ልመልሳችሁ። ያን ቀን በመጨረሻ አንዱን አገኘ። ልጁ ቤት ውስጥ ነው የተቀረጸው፣ ከኋላው ቡናማ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። መሀል ላይ ዶሮ ሁሉ ትጮኻለች። ማሲንቆው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ግጥሙም ቤቱን ይመታል። ሰውየው ሦስቴ ደጋግሞ ሰማው። "ይሄን ነው! ደውልለት" አለኝ። ገጹን ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። ስልክ ቁጥር የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ የት ከተማ እንዳለ እንኳ አልጻፈም። ኮሜንት ላይ ጻፍንለት።

መልሱ የመጣው በየካቲት ነው። "ክፍት ነኝ፣ መቼ ነው ሰርጉ?" ይላል።