የሊኑክስ ከርነልን የሲቪኢ-2022-0185 ክፍተት እንዴት እንደፍናለን?

እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ይፋ የሆነው ይህ የከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) የደኅንነት ክፍተት የመጣው ከአንድ የመቀነስ ስሌት ነው፤ ሲቪኢ የታወቁ ክፍተቶች መለያ ቁጥር ነው። የፋይል ሲስተም ማውንት ሲደረግ (ለአገልግሎት ሲያያዝ) ከርነሉ የሚሰጡትን አማራጮች በየተራ ይቀበልና 4096 ባይት በሚይዝ አንድ ገጽ (የሜሞሪ ክፍል) ላይ በኮማ እየለየ ያከማቻቸዋል። አዲስ አማራጭ በመጣ ቁጥር ቦታ መኖሩን የሚፈትሸው መስመር ከ4096 ላይ 2ንና እስካሁን የተያዘውን ይቀንስና የአዲሱን ርዝመት ከቀሪው ጋር ያነጻጽራል። የተያዘው 4095 ሲደርስ ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል፤ ቁጥሩ የመቀነስ ምልክት የማይዝ ዓይነት ስለሆነ በ64 ቢት ማሽን ላይ 18446744073709551615 ተብሎ ይነበባል። ፍተሻው ሰፊ ቦታ ያለ መስሎት ያሳልፋል፤ የሚጻፈውም ከገጹ አልፎ ጎረቤት ሜሞሪ ላይ ይፈስሳል። አጥቂው በዚህ መንገድ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) እስከ መሆን ሊደርስ ይችላል።

ማረሚያው አንድ መስመር ነው፦ መቀነሱን ትተን የተያዘውን፣ የአዲሱን ርዝመትና 2ን እንደምራለን፤ ድምሩ ከ4096 ከበለጠ ጥያቄውን ውድቅ እናደርጋለን። ሁለቱ ባይቶች ለኮማውና ለመዝጊያው ዜሮ የተተዉ ናቸው። በእኔ እምነት ምልክት አልባ ቁጥር ባለበት የወሰን ፍተሻ ሁሉ መቀነስን መጠርጠር ይገባል፤ የራስዎን የከርነል ሞጁል የሚጽፉ ከሆነ ተመሳሳይ መስመሮችን አሁኑኑ ይፈልጉ።

ከርነሉን ራስዎ የማያጠናቅሩ ከሆነ ክፍተቱ ከ5.1 ጀምሮ ያለ መሆኑንና በ5.16.2 መታረሙን ይያዙ። ሆኖም የሊኑክስ አከፋፋዮች ማረሚያውን በቀደሙ ስሪቶችም ላይ ስለሚያስገቡት የስሪት ቁጥሩ ብቻውን አያስተማምንም፤ የአከፋፋዩን የደኅንነት ማስታወቂያ ያመሳክሩ። ፓኬጁን ካዘመኑ በኋላ ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉ፤ ያለዚያ ሜሞሪ ላይ የሚሠራው አሮጌው ከርነል ነው።

ሪስታርት ማድረግ ለጊዜው የማይቻል ከሆነ ተራ ተጠቃሚዎች ዩዘር ኔምስፔስ (ተጠቃሚው በውስጡ እንደ አስተዳዳሪ የሚቆጠርበት የተለየ ክልል) እንዳይፈጥሩ ይከልክሉ፤ ወደዚህ ኮድ ለመድረስ የሚያስፈልገውን የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያገኙት በዚያ በኩል ነውና። ክልከላው ግን ያለ ሩት የሚሠሩ ኮንቴይነሮችን (ፕሮግራሞችን ለይተው የሚያስኬዱ ክፍሎችን) እና የአንዳንድ ብራውዘሮችን ሳንድቦክስ (መከለያ) ሊያሰናክል ስለሚችል አስቀድመው ይፈትሹ።

በመጨረሻም በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ሳይሆን በቨርቹዋል ማሽን ላይ ገጹን እስከ 4095 ሞልተው አንድ አማራጭ ይጨምሩ፤ የታረመው ከርነል ስህተት ብሎ ይመልሰዋል።