የድሮውን «ዶክተር ሁ» ከማን ጋር፣ ከየትኛው ታሪክ እንጀምር?

«ዶክተር ሁ» በጊዜ ስለሚጓዝ ሰው መሰል እንግዳ ቢቢሲ የሠራው የእንግሊዝ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው። «የድሮውን ዶክተር ሁ ማየት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምመልሰው ጥያቄ ነው። ከማን ጋር ነው የምታዩት? ብቻችሁን ከሆነ ሌላ ነው። ከልጆች ጋር ከሆነ ሌላ። እናታችሁ ቡና እያፈሉ ከጎን የሚያዩት ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ባለው የአክስቴ ቤት እሁድ እሁድ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ነው የሚታየው ብዬ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ቢቢሲ ያስተላለፈውን የመጀመሪያ ክፍል ከፈትኩ (ከዚህ በኋላ የፊልሞቹን ዓመት ስጠቅስ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ክፍሉ ሁሉንም ያዘ። ሁለት አስተማሪዎች ግራ ያጋባቻቸውን ተማሪ ተከትለው ይሄዳሉ፣ አሮጌ ዕቃ የተከመረበት ግቢ ውስጥ ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን ያገኛሉ፣ ሲገቡ ውስጡ ከውጩ ይሰፋል። አክስቴ «እንዴት ይሆናል!» ብለው ስኒውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ክፍሎች ግን የዋሻ ሰዎች በእሳት የተነሳ ሲጣሉ ነው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ልጆቹ ደጅ ወጥተው ኳስ ይመቱ ነበር።

ስለዚህ በተራ አትጀምሩ። የድሮው ዶክተር ሁ ከ1963 እስከ 1989 ድረስ 26 ምዕራፍ ሄዷል። ግን እንደ ቱርክ ድራማ አንድ የተያያዘ ታሪክ አይደለም። እያንዳንዱ ታሪክ የራሱ መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ብዙ ጊዜ በአራት ወይም በስድስት ክፍል ይከፈላል፣ አንዱ ክፍል 25 ደቂቃ አካባቢ ነው። መርጣችሁ የትም ብትገቡ አትጠፉም።

ከመክፈታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ንገሯቸው። ዶክተሩ ሰው ይመስላል እንጂ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፣ ስሙም አይነገርም (አክስቴ «ያክማል?» ብለው ነበር፣ አያክምም)። ሳጥኑ ታርዲስ ይባላል፣ በጊዜም በቦታም ይጓዛል። ሦስተኛው፣ ዶክተሩ ሊሞት ሲል መልኩ ይለወጣል፣ ስለዚህ በሌላ ቀን ሌላ ሰው ብታዩ ያው እሱ ነው። ይህ ሐሳብ የመጣው የመጀመሪያው ተዋናይ ዊሊያም ሃርትኔል በጤና ምክንያት በ1966 ሲለቅ ነው። በዚያች መላ ድራማው እስከ 1989 ድረስ ሰባት ዶክተሮችን አሳልፏል። ይህን ካልነገራችኋቸው «ያ ሽማግሌ የት ሄደ?» የሚለው ጥያቄ ማታውን ሙሉ አይለቃችሁም።

ቋንቋውም ያስቸግራል። የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፣ የዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ደግሞ ለእኛም ፈጣን ነው። እኔ የማደርገው ታሪኩን ቀድሜ ብቻዬን አያለሁ። እሁድ ሲሆን መነሻውን እንደ ተረት እነግራቸዋለሁ፣ እስከሚያጓጓው ድረስ ብቻ፣ ከዚያ እከፍተዋለሁ። መሃል ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ አቁሜ «አሁን እንዲህ አሉት» እላለሁ። እያንዳንዱን ቃል ለመተርጎም አትሞክሩ፣ ድራማው ይሞታል፣ እናንተም ትደክማላችሁ። ላፕቶፑን ከጠዋት ጀምሮ ቻርጅ አድርጉት፣ መብራት ልክ ሞቅ ሲል ነው የሚሄደው። ትንሽ ስፒከርም አያይዙ፣ ምክንያቱም የመክፈቻው ዜማ በላፕቶፕ ድምፅ አይሰማም። ሮን ግሬይነር የደረሰውን ዜማ ዴሊያ ደርቢሻየር የምትባል ሴት በቢቢሲ ስቱዲዮ ቴፕ እየቆረጠች፣ እየቀጠለች ነው የሠራችው። ይህን በሰማሁ ቁጥር እደነቃለሁ፣ ዛሬም ቆዳ ያስነሳል።

አሁን ወደ ታሪኮቹ።

ልጆች ካሉ በ1970 በወጣው «ስፒርሄድ ፍሮም ስፔስ» ጀምሩ። አራት ክፍል ነው፣ የድራማው የመጀመሪያ ባለቀለም ታሪክም እሱ ነው። ቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ ስለነበር ሙሉውን ከስቱዲዮ ውጭ በፊልም ቀረጹት፣ ለዚህ ነው ከሌሎቹ ይልቅ ሲኒማ የሚመስለው። ዶክተሩ (ጆን ፐርትዊ) ከታርዲሱ ወጥቶ ሣር ላይ ይወድቃል፣ በዚያው ሰሞን አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ደስ የማይል ነገር እየተሠራ ነው። መጨረሻ አካባቢ በሱቅ መስታወት ውስጥ የቆሙት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ይነቃነቁና መስታወቱን ሰብረው መንገድ ላይ ይወጣሉ። የእህቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ስንሄድ የልብስ መደብሮቹ ፊት እጄን ይይዛል። ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ በማታ አታሳዩት።

ትልልቅ ሰዎች ካሉ ግን፣ በተለይ ቡና ከተፈላ፣ «ዘ አዝቴክስ»ን ክፈቱ። የእኔ ምርጥ እሱ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በ1964 የወጣ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አራት ክፍል። ታርዲሱ የአዝቴኮች መቃብር ውስጥ ያርፋል። የታሪክ አስተማሪዋ ባርባራ እዚያ ያገኘችውን አምባር ታጠልቃለች፣ ሕዝቡም የሞተው ሊቀ ካህናት ተመልሶ መጣ ብሎ እንደ አምላክ ይቀበላታል። እሷ ደግሞ የሚሆነውን ታውቃለች። ስፔኖች መጥተው ይህን ሁሉ ያጠፉታል። ሰውን መሠዋት ቢተዉ ኖሮ ሥልጣኔያቸው በተረፈ ነበር ብላ ታምናለች፣ አሁን ደግሞ ሥልጣኑ እጇ ላይ ነው። ዶክተሩ ይቆጣታል። ታሪክን መለወጥ አትችይም፣ አንዲት መስመር እንኳ፣ ይላታል።

እዚህ ላይ አቁሙት። እኛ ቤት ስናቆመው የእህቴ ልጅ «እኔ ታርዲስ ቢኖረኝ ድርቡሽ ጎንደርን ከማቃጠሉ በፊት ሄጄ እነግራቸው ነበር» አለ። በ1880 ዓ.ም. የሆነው ማለቱ ነው፣ አብያተ ክርስቲያናቱ የነደዱበት ጊዜ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኑት ተብሎ ሲተረክ ስለሰማ ጉዳዩ ልቡ ውስጥ አለ። አክስቴ ከረከቦቱ ቀና ብለው «ብትነግራቸውስ ማን ያምንሃል ልጄ?» አሉት። የባርባራ ችግርም በትክክል ይኸው ነው። አንዱ ካህን ያምናታል፣ ሌላው አያምናትም፣ መሥዋዕቱ ይቀጥላል። በመጨረሻ ዶክተሩ ሕዝቡን ማዳን አልቻልሽም፣ አንድ ሰው ግን ረድተሻል ብሎ ያጽናናታል። ፋሲል ግቢን በየቀኑ እያየ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ስለ ሜክሲኮ ብቻ አይመስለውም። እኛ ፍርስራሽ አጠገብ ነው ኳስ የተጫወትነው፣ «ባይሆን ኖሮ» የሚለውን ጥያቄ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

ለቡናው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለኝ። እዚያው ታሪክ ውስጥ ዶክተሩ ካሜካ የምትባል ደግ ሴት ይተዋወቃል። ለእሷ ካካዎ አፍልቶ ያቀርብላታል፣ አብረው ይጠጣሉ። በአገሩ ባህል ይህ የጋብቻ ጥያቄ መሆኑን አላወቀም። አክስቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሲለያዩ ግን ቤቱ ጸጥ አለ፣ ሃርትኔል በዓይኑ ብቻ ነው የሚጫወተው። ክፍሎቹን ስትፈልጉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ርዕስ ነበረው፣ የዚህም የመጀመሪያው ክፍል «ዘ ቴምፕል ኦፍ ኢቭል» ይላል። የተሳሳተ ፋይል አመጣሁ ብላችሁ እንዳትዘጉት።

ዳሌኮቹንስ፣ የዶክተሩን ቀንደኛ ጠላቶች? ለድራማው ዝናውን ያመጡት እነሱ ናቸው፣ ቴሪ ኔሽን ጻፋቸው፣ ሬይመንድ ኩዚክ ቅርጻቸውን ነደፈ። የመጀመሪያው ታሪካቸው ሰባት ክፍል ስለሆነ ለጀማሪ ይረዝማል። እኔ የምለው በ1975 የወጣውን «ጀነሲስ ኦፍ ዘ ዳሌክስ» እዩ ነው። ስድስት ክፍል ነው፣ ዶክተሩ ቶም ቤከር ነው፣ ያ ረጅም ሻርብ ያለው። ወደ ዳሌኮቹ መፈጠሪያ ጊዜ ተልኳል፣ ሳይወለዱ እንዲያስቀራቸው። ሁለት ሽቦ በእጁ ይዟል፣ ቢያገናኛቸው ሁሉም ያልቃል። ያን ጊዜ ነው ይህን የማድረግ መብት አለኝ ወይ ብሎ የሚቆመው። ከ«አዝቴክስ» በኋላ ካያችሁት ጥያቄው ያው መሆኑ ይገባችኋል፣ አሁን ግን የሚጨነቀው ራሱ ዶክተሩ ነው።

ይህን ከማሳየታችሁ በፊት ግን ማን እንደተቀመጠ አስተውሉ። ታሪኩ የሚከፈተው በጦር ሜዳ ነው፣ ምሽግ፣ ጭስ፣ የሚወድቁ ወታደሮች። ሁለት ሕዝቦች ለሺህ ዓመት ሲዋጉ ኖረው ጥይትም ጉልበትም አልቆባቸዋል። በእኛ አካባቢ ሰው ያላጣ ቤት ጥቂት ነው። እኔ አንድ ጎረቤታችን በመጡበት ቀን ከፍቼው መጀመሪያው ላይ ተነሥተው ወጡ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ቀን ምረጡለት፣ ቀድማችሁም ተናገሩ።

ቀለል ያለ ማታ ስትፈልጉ «ሲቲ ኦፍ ዴዝ» አለ። በ1979 ፓሪስ ሄደው ነው የቀረጹት፣ አራት ክፍል፣ ከጽሑፉ ጀርባ ዳግላስ አዳምስ አለ። አንድ ሀብታም ሰው ሞና ሊዛን ሊሰርቅ ያስባል፣ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ ሌሎች ስድስት ሞና ሊዛዎች አሉት፣ ሁሉንም የሳላቸው ራሱ ሊዮናርዶ ነው! እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ከተቀናቃኙ ጣቢያ አድማ የተነሳ በዚያን ጊዜ ከ16 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን አይተውታል። አንድ ማሳሰቢያ፤ መጨረሻው ላይ በምድር ሕይወት የተጀመረው በአንድ መንኮራኩር ፍንዳታ ነው ይላል። እኛ ቤት በዚህ ረጅም ክርክር ተነሥቷል። ልብ ወለድ መሆኑን አስቀድማችሁ ብትናገሩ ይሻላል፣ ክርክሩ ግን ይነሣ፣ ጥሩ ክርክር ነው።

«ዘ ኬቭስ ኦፍ አንድሮዛኒ»ን አሁን አትንኩት። በ1984 የወጣው ይህ ታሪክ ለብዙ አድናቂዎች ከሁሉ የበለጠ ነው፣ ለእኔም ሁለተኛ ነው። ግን የዚያን ጊዜውን ዶክተር ፒተር ዴቪሰንን የሚለምዱባቸው ሌሎች ታሪኮች ሳይታዩ መጨረሻው አይከብድም። ዶክተሩም ጓደኛውም ተመርዘዋል፣ መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። መጀመሪያ ልመዱት፣ ከዚያ እዩት።

የጠፉትንም እወቁ። ቢቢሲ በዚያን ጊዜ ቴፖቹን እየሰረዘ ይጠቀምባቸው ስለነበር ከ1960ዎቹ ክፍሎች ብዙዎቹ የሉም። የሃርትኔልና ከእሱ ቀጥሎ ዶክተር የሆነውን የፓትሪክ ትራውተን ታሪክ ስትመርጡ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ፣ ግማሹን አይቶ መቅረት ያናድዳል። በ2013 ይፋ የሆኑት ዘጠኝ ክፍሎች የት እንደተገኙ ታውቃላችሁ? ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ። ለንደን የሌለው አፍሪካ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በእነሱ የተነሳ «ዚ ኢነሚ ኦፍ ዘ ወርልድ» አሁን ስድስቱም ክፍል ሙሉ ነው፣ ትራውተን ጥሩውንም ክፉውንም ሰው ሆኖ ይጫወትበታል። ለእሱ ሲባል ብቻ አንድ እሁድ ስጡት።

በመጨረሻ «ዘ ዋር ጌምስ» ይቀራል፣ 1969፣ አሥር ክፍል። ለክረምት አቆዩት፣ ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጣችሁ። ዶክተሩ ከየት እንደመጣ፣ ከማን እንደሸሸ መጀመሪያ የሚታወቀው እዚህ ነው፣ «ስፒርሄድ» ላይ ለምን ሣር ላይ እንደወደቀም ያኔ ይገባችኋል። በአንዴ አትጨርሱት፣ መሃሉ ዘገም ይላል። በማታ ሁለት ሁለት ክፍል ብትሉ አምስት ማታ ይበቃል። ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ግን አትለያዩአቸው። ላፕቶፑም ሙሉ ቻርጅ ይኑረው፣ መብራት ጓደኞቹ ሲለያዩ ከሄደ አክስቴ ይቅር አይሉም።