ቀይ የሚያበራ የወርቅ ናኖክላስተር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ላቦራቶሪዎች

ናኖክላስተር የጥቂት አተሞች ስብስብ ነው። 25 ያህል የወርቅ አተሞች በፕሮቲን ውስጥ ሲሰባሰቡ የወርቅ መልካቸው ይጠፋል፤ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ግን ቀይ ያበራሉ። አሠራሩ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከባድ አይደለም። ደሴ ላይ የሚፈትነው የሌሊቱ ብርድና የመብራት መጥፋት ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። ቢከሩንና የስቲረሩን ማግኔት በአኳ ሬጂያ (3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ 1 እጅ ናይትሪክ አሲድ) ጭስ መሳቢያ ሥር፣ ጓንትና መነጽር አድርገው ይጠቡ። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ አይክደኑት፤ በሚያወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ።

የወርቁ ጨው፣ ማለትም ባለ 3 ውሃ ክሎሮኦሪክ አሲድ፣ እርጥበት ስለሚስብ ሚዛን ላይ ያታልላል፤ የብረት ማንኪያም ይበላል። ስለዚህ የ1 ግራሙን ብልቃጥ እንዳለ በ25.4 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ 100 ሚሊ ሞላር ይሆናል። ለሥራው 10 እጥፍ ያቅጥኑት።

250 ሚሊ ግራም የከብት ደም አልቡሚን (ቢኤስኤ) በ5 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ነስንሰው ይተዉት፤ ከናጡት አረፋ ብቻ ነው የሚያተርፉት። ፕሮቲኑንም የቀጠነውን የወርቅ ፈሳሽም 37 ዲግሪ ያድርሱ። ፕሮቲኑ በኃይል እየተማሰለ 5 ሚሊ ሊትር የቀጠነውን የወርቅ ፈሳሽ ይጨምሩ፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ 0.5 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ካስቲክ ሶዳ። በፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ለወርቁ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወደ ብረትነት የሚመልሰው ፒኤቹ ከ10 ሲያልፍ ነው፤ 12 አካባቢ መሆኑን በፒኤች ወረቀት ያረጋግጡ።

በ37 ዲግሪ 12 ሰዓት ይቆይ። ማታ ከጀመሩት መብራት ሲሄድ የሚያየው የለም፤ የሚያሞቀው ውሃ ይበርዳል፣ ጠዋት የሚጠብቅዎ ያው ቢጫ ፈሳሽ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ጀምረው ማታ 1 ሰዓት ይጨርሱ። መብራት ከሄደ የተከደነውን ብልቃጥ 37 ዲግሪ ውሃ ባለበት አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ ይክተቱት። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለችና የምትሞቅ ስለሆነች ብርዱ ያን ያህል አያስጨንቅም።

የተሳካው ጥቁር ቡኒ ነው፤ በ365 ናኖሜትር መብራት ሥር ፍም ይመስላል፣ ብርሃኑም 640 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ወይን ጠጅ ከሆነ ወርቁ ወደ ትልልቅ ቅንጣት አድጓል፤ ዕቃው አልጠራም ማለት ነው። ሰማያዊ ብቻ ካበራ ሶዳውን ይጠርጥሩ፤ ክፍት ሲቀመጥ የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ይደክማል፣ ትኩስ ያዘጋጁ።

በመጨረሻ በዳያሊሲስ ከረጢት (ፕሮቲኑን ይዞ ትንንሹን በሚያሳልፍ) 48 ሰዓት፣ ውሃውን እየለወጡ ያጥሩትና 4 ዲግሪ ላይ ከብርሃን ሸሽገው ያስቀምጡት። ሜርኩሪ ባለበት ውሃ ላይ ጠብ ቢያደርጉት ቀዩ ይከስማል፤ ለመመርመሪያነት የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።