ስካውት እንዴት ይጀመራል? ከመጀመሪያው ጉብኝት እስከ መጀመሪያው የካምፕ ሌሊት

ስካውት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የደንብ ልብስ፣ የአንገት መሐረብና ሰልፍ ነው። ልብሱ ያምራል፤ ሰልፉም የራሱ ቦታ አለው። ሥራው የሚሠራው ግን ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ባሉበትና ከመካከላቸው አንዱ በሚመራው አነስተኛ ጓድ ውስጥ ነው። አሠራሩ ከመነሻው አብሮ የተወለደ ነው። በኦገስት 1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ቤደን ፓወል 20 ያህል ወንዶች ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ሲሰፍር፣ ልጆቹን በአራት ጓድ ከፈላቸው። ለሦስቱ የተኩላ፣ የቁራና የኮርማ፣ ለአራተኛው ደግሞ ከርሊው የተባለ የውኃ ዳር ወፍ ስም ሰጣቸው፤ በየጓዱም አንድ ልጅ መሪ አደረገ። ከልጆቹ ከፊሎቹ የታወቁ የሀብታም ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ ከፊሎቹ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ለዚያ ዘመን ይህ ራሱ እንግዳ ነገር ነበር።

እንግዲህ ቡድን ስትመርጡም ሆነ ከገባችሁ በኋላ ዓይናችሁ ጓዱ ላይ ይሁን።

1. ሳትመዘገቡ ሂዱና እዩ

ቡድን ለማግኘት ትምህርት ቤት፣ የወጣቶች ማእከል ወይም የአገሪቱ ስካውት ማኅበር ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይበቃል። የዕድሜ ክፍፍሉ ከአገር አገር ይለያያል። በብዙ ቦታ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች በታዳጊዎች ክፍል፣ ከ11 ዓመት ጀምሮ ያሉት በስካውት ክፍል፣ ትልልቆቹ ወጣቶች ደግሞ ሮቨር በሚባለው ክፍል ይመደባሉ። ሴቶች ልጆች ከ1910 ጀምሮ የራሳቸው እንቅስቃሴ አላቸው፤ ዛሬ ግን በብዙ አገሮች ከወንዶች ጋር በአንድ ቡድን ይመዘገባሉ።

ቡድኑን ስታገኙ አንድ ሁለት ስብሰባ በእንግድነት ታደሙ። መሪው ይህን የሚከለክል ከሆነ ሌላ ቡድን ፈልጉ። በጉብኝቱ ወቅት ጥግ ይዛችሁ የምትመለከቱት ነገር ቀላል ነው፤ ጨዋታውን የሚያስረዳው ማነው? ገመዱን የሚያድለው ማነው? አንድ ትንሽ ልጅ ሲሳሳት ጎንበስ ብሎ የሚያርመው ማነው? መልሱ ሁልጊዜ አዋቂው መሪ ከሆነ፣ ያያችሁት የደንብ ልብስ የለበሰ የመማሪያ ክፍል ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስድስት ልጆች ሰብስቦ እየተንተባተበም ቢሆን ሲያስረዳ፣ አዋቂው ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲከታተል ካያችሁ፣ እዚያ ግቡ። ጫጫታውና ዝርክርክነቱ አያሳስባችሁ። ሰልፉ ያማረለት ሁሉ ጥሩ ቡድን አይደለም።

ወላጆች በዚህ ደረጃ ዝም ማለት የለባቸውም። ከልጆቹ ጋር ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ ወይ? አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ተሰውሮ ብቻውን እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ አለ ወይ? መሪዎቹ ሲመለመሉ ማንነታቸው ይጣራል ወይ? የመጀመሪያ ርዳታ የሠለጠነስ ማነው? እነዚህን ፊት ለፊት ጠይቁ። ጥሩ መሪ በጥያቄው አይቆጣም፤ እንዲያውም መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። አንድ ነገር ደግሞ ልጁም ወላጁም ይወቅ፦ አዲስ ገቢን ማዋረድ፣ ማስፈራራት ወይም «ይህን ለቤተሰብህ እንዳትነግር» ማለት የስካውት ልማድ አይደለም። ይህ ባለበት ቤት ሁለተኛ መሄድ አያስፈልግም።

2. ተመዝገቡ፤ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ

ምዝገባው ቅጽ መሙላት፣ የወላጅ ፈቃድ መፈረምና የአባልነት ክፍያ መክፈል ነው። በጤና ክፍሉ ላይ አስም፣ የምግብ አለርጂ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሌሊት አልጋ ማርጠብም ቢሆን ሳታፍሩ ጻፉ። መሪው አስቀድሞ ካወቀ በዘዴ ይረዳል፤ ካምፕ ላይ በእኩለ ሌሊት ሲያውቅ ግን ሁሉም ይደናገጣል።

የደንብ ልብሱን የስካውት ቃል ኪዳን እስክትገቡ ድረስ አትግዙ። ብዙ ቡድኖች አዲስ ገቢ ለጥቂት ሳምንታት በተራ ልብስ እንዲመጣ ይፈቅዳሉ፤ ያደጉ ልጆች የተዉት ሸሚዝም አይጠፋም። ድንኳን፣ ትልቅ የጀርባ ሻንጣ፣ ውድ ሰንጢ፣ ይህን ሁሉ ለጊዜው እርሱት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስፈልጋችሁ የሚመች ጫማ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስና ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከትንሿ ጣት ቀጠን ያለ ገመድ ነው። ገመዱን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት፤ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ገመድ ቋጠሮ አያስተምርም።

3. በጓዱ ውስጥ ቦታ ያዙ

አዲስ ገቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ቶሎ ለመታወቅ ሲል ነው። በመጀመሪያው ቀን የሁሉንም ስም ለማጥናት፣ የጓዱን ጥሪ ለመስማትና በጨዋታው ለመሳተፍ ከበቃችሁ ብዙ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ስብሰባ የጓድ መሪውን «የእኔ ሥራ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በደንብ በሚሠራ ጓድ ውስጥ ሥራ የሌለው ልጅ የለም፤ አንዱ ዕቃ ይጠብቃል፣ አንዱ ማስታወሻ ይይዛል፣ አንዱ ምግብ ያዘጋጃል፣ አንዱ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥኑን ይከታተላል። ለጀማሪ የሚመረጠው የዕቃ ጠባቂው ረዳት መሆን ነው። የድንኳን ካስማ መቁጠር አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ወር ውስጥ የጓዱን ዕቃ በሙሉ በስሙና በአገልግሎቱ ታውቃላችሁ፤ ትልልቆቹ ልጆችም አንድ ነገር ሲጠፋባቸው የሚጠይቁት እናንተን ይሆናል።

ስብሰባ የማትመጡበት ቀን ካለ አስቀድማችሁ ለጓድ መሪው ንገሩ። ስድስት ልጆች ባሉበት አንዱ ሲቀር ጨዋታው ይጎድላል፤ ለስድስት የተከፋፈለ ሥራም ለአምስት ይከብዳል።

4. ቃሉንና ሕጉን አጥኑ

ቃል ኪዳኑ በየአገሩ በአገላለጽ ይለያይ እንጂ ሦስት ነገር ይዟል፤ ለፈጣሪና ለአገር ያለ ግዴታ፣ ሌላውን መርዳት፣ የስካውትን ሕግ መጠበቅ። በሰላምታው ጊዜ የሚነሡት ሦስት ጣቶች እነዚህን ሦስቱን ያመለክታሉ። አውራ ጣት በትንሿ ጣት ላይ የሚያርፈው ደግሞ ብርቱው ደካማውን እንዲጠብቅ ነው። ስካውቶች እርስ በርሳቸው የሚጨባበጡት በግራ እጅ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ቀኛችሁን ዘርግታችሁ ግራ ቢሰጣችሁ አትገረሙ።

ሕጉን በቃል መያዝ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ከባዱ «በየቀኑ አንድ በጎ ሥራ» የሚለው ነው። ምክሬ፣ በጎ ሥራውን ከቤት ጀምሩት፤ ሳትታዘዙም አድርጉት። ለመንገደኛ ደግ ሆኖ ለታናሽ እኅቱ ቁጡ የሆነ ስካውት ሕጉን ገና አላነበበውም።

5. ሦስት ቋጠሮ እስኪበቃችሁ ተለማመዱ

ጀማሪን ሃያ ዓይነት ቋጠሮ የሚያሳይ ሰው አንዱንም አያስተምርም። በእነዚህ ሦስቱ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ጠፍጣፋው ቋጠሮ ነው። በሁለት እጃችሁ ሁለት ጫፍ ያዙ። የቀኙን ጫፍ በግራው ላይ አሳልፉና በሥሩ ጠምዝዛችሁ አውጡ። አሁን ያ ጫፍ በግራ እጃችሁ ነው፤ እሱኑ መልሳችሁ በቀኙ ላይ አሳልፉ፣ በሥሩ አውጡና አጥብቁ። ትክክል ከሆነ ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ እያንዳንዱ ጫፍ ከራሱ ገመድ ጎን ለጎን ይወጣል። ጫፎቹ ወደ ጎን ተንጋደው ከወጡ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ጠምዝዛችኋልና ፈትታችሁ እንደገና ጀምሩ። ይህ ቋጠሮ ለቁስል ማሰሪያና ለጥቅል ነው። ሰው ወይም ከባድ ዕቃ በሚሸከም ገመድ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም፤ ሊፈታ ይችላል።

ሁለተኛው ገመድን ከግንድ ወይም ከምሰሶ ጋር የሚያስረው ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ በግንዱ ዙሪያ አዙሩት፤ በራሱ ላይ በሰያፍ አሻግሩት፤ ሁለተኛ ጊዜ አዙሩና ጫፉን በዚያ በሰያፉ ሥር አስገብታችሁ ሳቡት። ሁለት እንጨት አጣምራችሁ ጠረጴዛም ሆነ የዕቃ ማስቀመጫ ስትሠሩ መጀመሪያውም መጨረሻውም ይኸው ነው።

ሦስተኛው የማይጠብቅ ቀለበት ነው። ከገመዱ ጫፍ ራቅ ብላችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፤ ወደ ጫፉ የሚሄደው ክፍል በላይ ይሁን። ጫፉን ከታች ወደ ላይ በቀለበቱ አውጡት፣ ከረጅሙ ገመድ ጀርባ አዙሩት፣ ከዚያ በመጣበት ቀለበት መልሳችሁ ወደ ታች አስገቡትና አጥብቁ። የቱንም ያህል ቢጎተት በውስጡ ያለውን ሰው አያንቅም፤ ከጉድጓድ ወይም ከውኃ ሰው ለማውጣት የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ሦስቱንም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መሥራት ስትችሉ ተምራችኋል ማለት ነው። ገመድ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ በጨለማና በዝናብ ነውና ይህ ቀልድ አይደለም።

ካርታና ኮምፓስም በዚህ ጊዜ ይጀመራል። ለመነሻ የሚበቃው አንድ ነገር ነው፤ የኮምፓሱ ቀይ ጫፍ ወደ ሰሜን ያመለክታል፣ ካርታውንም ሰሜኑ ከዚያ ጋር እስኪገጥም ድረስ አዙሩት። ስልክና ብረት አጠገቡ ካለ ግን መርፌው ይዋሻል።

6. ለመጀመሪያው ካምፕ ተዘጋጁ

ሻንጣችሁን ራሳችሁ አዘጋጁ። እናት ያዘጋጀችው ሻንጣ ንጹሕ ነው፤ ባለቤቱ ግን ሌሊት ካልሲ ሲፈልግ ሁሉንም ያራግፈዋል። የመኝታ ከረጢት ከታች፣ ከባዱ ዕቃ መሐል ላይ ወደ ጀርባ ተጠግቶ፣ የዝናብ ልብስ ከላይ ይሁን። ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ለዩት። የሻንጣው ክብደት ከሰውነታችሁ ክብደት ሩብ መብለጥ የለበትም፤ 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 ኪሎ ማለት ነው፤ ለጀማሪ ከዚያ ቢያንስ ይመረጣል። የእጅ ባትሪ፣ ኮዳ፣ ፊሽካና ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ ልብስ አትርሱ። ቀን ሲያልባችሁ በዋለው ልብስ ከተኛችሁ፣ የመኝታ ከረጢቱ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ይበርዳችኋል።

ለድንኳን ደልዳላና ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። የደረቀ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥርና ጎርፍ የሄደበት ቦይ አይታደርባቸውም። በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ። ካስማውን ስትመቱ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያጋደለ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ ካስማ በመጀመሪያው ነፋስ ይነቀላል። በድንኳን ውስጥ እሳትም ሆነ ምድጃ አይነድም፤ ቃጠሎ ባይነሣ እንኳ ጭሱና የማይታየው ጋዝ ይገድላል።

የመጀመሪያው ሌሊት ለብዙ ልጅ ይከብዳል። የቤት ናፍቆት የሚበረታው ሥራ ሲያልቅና ጨለማ ሲሆን ነው። ሆድ ቢብሳችሁ ለጓድ መሪያችሁ ወይም ለአዋቂዎቹ ንገሩ፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ያለፉበት ነው። ወላጆች ደግሞ «ካልተመቸህ ደውል፣ መጥቼ እወስድሃለሁ» ከማለት ይቆጠቡ። ደግ ይመስላል፤ ልጁ ግን የሚሰማው «አትችለውም» የሚለውን ነው። ከዚያ ይልቅ «እሑድ ስትመለስ ምን እንደሠራችሁ ትነግረኛለህ» ይበሉት። ከካምፑ በፊት አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ማደርም ጥሩ ልምምድ ነው።

ሲመለሱ ድንኳኑ እርጥብ ከሆነ በዚያው ቀን ይሰጣ። እርጥቡን ጠቅልሎ ያስቀመጠ ጓድ በሚቀጥለው ካምፕ ሻጋታ ይዞ ያድራል።

7. ከዚያ በኋላ ባጅ

ባጅ፣ ማለትም በደንብ ልብሱ ላይ የሚደረገው የችሎታ ምልክት፣ የሚሰጠው አንድን ችሎታ ተለማምዶ በተግባር ላሳየ ነው። በብዛት የሚሰበስብ ልጅ ሁሌም በጓዱ ዘንድ ተፈላጊ አይሆንም፤ እኔ ብሆን ከጓዱ የጎደለውን ችሎታ አይቼ እመርጣለሁ። ካምፕ ላይ አብስሎ የሚያበላ ከሌለ ምግብ ማብሰል፣ ካርታ የሚያነብ ከሌለ አቅጣጫ ማወቅ ላይ መሥራት ይቻላል። ሁሉም የተሟላ ከሆነ የመጀመሪያ ርዳታን ያዙ፤ በአንድ ጓድ ውስጥ ሁለት ርዳታ ሰጪ አይበዛም፤ አንደኛው ራሱ ሊጎዳ ይችላልና። የመረጣችሁትን ለጓድ መሪያችሁ ንገሩት፤ የፈተናውን ቀን ከአዋቂው መሪ ጋር የሚያመቻችላችሁ እርሱ ነው።