በዱም ማፕ ውስጥ የሚከፈት በር መሥራት

ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ሥዕሉ፣ ድምፁና ማፑ ከጌሙ ሞተር (ጌሙን ከሚያስኬደው ፕሮግራም) ተለይተው ዋድ በሚባል ፋይል ውስጥ ነበር የተቀመጡት። ስለዚህ ማንም ሰው ዋናውን ፋይል ሳይነካ የራሱን ማፕ ከላዩ መጫን ይችላል። በ1997 ደግሞ የሞተሩ ኮድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ጌሙ እስከ ዛሬ አዲስ ማፕ የሚሠራለት በዚህ ምክንያት ነው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በር ላይ ነው። ክፍል መሳል ቀላል ነው፤ በር እንዲከፈት ግን አራት አምስት ነገር አንድ ላይ መስተካከል አለበት። እዚህ የምንሠራው ሁለት ክፍል፣ በመካከላቸው አንድ በርና አንድ መውጫ ነው።

ሦስት ነገር አውርዱ፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው። ማፑ የሚሳለው በአልቲሜት ዱም ቢልደር ነው፤ የሚጫወተው በጂዚዱም ነው። ዋናውን ዱም ላልገዛ ሰው ደግሞ ፍሪዱም አለ፤ የግድግዳ ሥዕሎቹ ስም ከዱም ጋር አንድ ስለሆነ እዚህ የሠራችሁት እዚያም ይሠራል።

አዲስ ማፕ ስትከፍቱ ዱም 2ን በዱም ፎርማት ምረጡ፣ ስሙን ማፕ01 በሉት፣ የፍሪዱም 2ን ዋድ ሪሶርስ (ሥዕሎቹ የሚወሰዱበት ፋይል) አድርጋችሁ ጨምሩ። ዩዲኤምኤፍ የሚለውን ሌላ ፎርማት ከመረጣችሁ ከታች ያሉት የአክሽን ቁጥሮች (መስመሩ ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት) ሌላ ትርጉም ስላላቸው በሩ አይሠራም።

ልኬቱ በዩኒት ነው። ተጫዋቹ 32 ዩኒት ስፋት፣ 56 ዩኒት ቁመት አለው፤ ከ24 በላይ የሆነ ደረጃ አይወጣም። ግሪዱን 16 አድርጉና ዲ (D) የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ 512 በ384 የሆነ ክፍል ሳሉ፤ የጀመራችሁበት ነጥብ ላይ ስትመለሱ ይዘጋል። 16 ዩኒት ርቀት ትታችሁ ሁለተኛውን ክፍል ጎኑ ላይ ሳሉ። የሁለቱም ወለል 0፣ ጣሪያ 128 ይሁን። በቲ (T) ቁልፍ ወደ ቲንግ (ማፑ ላይ የሚቀመጡ ነገሮች) ገብታችሁ የተጫዋቹን መነሻ፣ ማለትም ቁጥር 1ን፣ አንደኛው ክፍል ውስጥ አስቀምጡ።

አሁን በሩ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል በቀረው ክፍተት ላይ፣ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካ 128 በ16 የሆነ አራት ማዕዘን ሳሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሴክተር፣ ማለትም የራሱ ወለልና ጣሪያ ያለው ቦታ ነው። በኤስ (S) ገብታችሁ ምረጡትና ጣሪያውን ወደ 0 አውርዱ። በዱም የተዘጋ በር ማለት ጣሪያው ወለሉ ላይ የተኛ ክፍል ነው፤ ሲከፈት ጣሪያው ነው የሚነሣው። ሲነሣም ከአጎራባቹ ዝቅተኛ ጣሪያ 4 ዩኒት ሲቀረው ይቆማል።

በኤል (L) ወደ መስመር ሁኔታ ተመለሱ። ወደ ክፍሎቹ የሚያዩትን ሁለቱን ረጃጅም መስመሮች መርጣችሁ አክሽን 1 ስጧቸው፤ በክፍሉ በኩል ላለው የላይኛው ቴክስቸር (የግድግዳ ሥዕል) ቢግዶር2ን ምረጡ። ይህ ሥዕል 128 በ128 ስለሆነ ልክ ይገጥማል። ከዚያ መስመሩ መካከል ላይ ያለችውን አጭር ጭረት ተመልከቱ፤ የመስመሩ ፊት የትኛው እንደሆነ የምታሳየው እሷ ናት። ጭረቷ ከበሩ ወደ ውጭ፣ ወደ ክፍሉ ማመልከት አለባት። ወደ በሩ ውስጥ ካመለከተች ተጫዋቹ ቁልፉን ቢጫን ምንም አይሆንም፤ መስመሩን መርጣችሁ በኤፍ (F) ገልብጡት። የማይከፈት በር ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።

የቀሩት ሁለቱ አጫጭር መስመሮች የበሩ መቃን ናቸው። ዶርትራክ የሚባለውን ቴክስቸር ስጧቸውና ሎወር አንፔግድ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ካላደረጋችሁ በሩ ሲነሣ መቃኑም አብሮ ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ጌሙ አይበላሽም፣ ግን ዓይን ያስቀይማል።

ኤፍ9 ማፑን ያስጀምራል። በሩ ተከፍቶ ከአራት ሰከንድ ትንሽ ከፍ ብሎ ራሱ ይዘጋል። በሩ ፊት ላይ ምስል የሚደራረብ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የላይኛው ቴክስቸር ባዶ ቀርቷል ማለት ነው።

መውጫው ቀላል ነው፤ ከሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ 64 ዩኒት ቁራጭ ለዩ፣ አክሽን 11 ስጡት፣ ስሙ በኤስደብሊው1 ከሚጀምሩት ቴክስቸሮች አንዱን ለጥፉበት።

ጭራቅ ስታስገቡ ስፋቱን አስቡ። ኢምፕ የሚባለው ጭራቅ፣ ቁጥር 3001፣ 40 ዩኒት ስለሆነ በበሩ ያልፋል፤ ማንኩበስ የሚባለው ትልቁ ጭራቅ ግን 96 ስለሆነ 64 ዩኒት መተላለፊያ ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ ባለበት ይቀራል። ብርሃኑንም አትርሱ፦ አንደኛው ክፍል 160፣ ሁለተኛው 112 ቢሆን ልዩነቱ ይታያል። በጥንቱ ሞተር ብርሃን በ16 በ16 ስለሚቆጠር 160ንና 165ን ዓይን አይለያቸውም።

በዱም የተኩስ ድምፅ በተዘጋ በር አያልፍም። ሾትገኑን፣ ቁጥር 2001ን፣ አንደኛው ክፍል አስቀምጡና አንድ ኢምፕ እዚያው፣ ሦስት ደግሞ ከበሩ ማዶ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥታችሁ አቁሙ። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ሲተኩስ ሦስቱ አይሰሙም፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ ከተኮሰ ግን ሦስቱም ይዞሩበታል። ማፑ ራሱ ትንሽ ፋይል ስለሆነ በቴሌግራም ለጓደኛ መላክ ይቻላል። የእናንተን ዋድ ብቻ ላኩ፤ ተቀባዩ ፍሪዱምን ካወረደ በኋላ ፋይሉን ጎትቶ ጂዚዱም ላይ መጣል ብቻ ነው የሚጠበቅበት።