የርብን አካሄድ በበጋ ማጥናት፦ ከጉና እስከ ጣና

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ የሚያርስ ሰው የርብን ወንዝ በነሐሴ ሙላቱ ብቻ ካወቀው ግማሹን እንኳ አላወቀውም። ድፍርሱ ውኃ ሁሉን ስለሚሸፍን፣ ወንዙ የትኛውን ዳር እንደሚበላና ደለሉን የት እንደሚጥል በግልጽ የሚታየው ከሳሳ በኋላ፣ በተለይም ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው። ስለዚህ ማሳ ለመከራየት፣ የውኃ ሞተር ለመትከል ወይም ዳር ለማጠናከር የሚያስቡ ከሆነ ጥናቱን በበጋ ይጀምሩ።

በቅድሚያ ወንዙን ከምንጩ ጀምሮ ያስቡት። ርብም ሆነ ጎረቤቱ ጉማራ ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ የጉና ከፍታ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፣ ጣና ደግሞ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የዚህ ቁልቁለት አብዛኛው በደጋው ስለሚያልቅ፣ ወንዞቹ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ተሻግረው ወደ ሐይቁ ሲያቀኑ ጉልበታቸው ደክሞ፣ ከላይ ያመጡትን አፈር ይጥላሉ። በዚህም ምክንያት የርብ ወለል በታችኛው ክፍል ከፍ እያለ መጥቷል፤ ዳርቻው ከጎኑ ካለው ማሳ በላይ የቆመባቸው ቦታዎችም አሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ዳሩን ጥሶ የወጣ ሙላት በቀላሉ ወደ ወንዙ አይመለስም፤ ዝቅ ያለውን መሬት ተከትሎ ይሄድና ሜዳው ላይ ይተኛል። በእኔ እምነት ማሳ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህንን ነው፤ ከወንዙ የራቀ ረባዳ መሬት ከወንዙ ዳር ይልቅ ብዙ ቀን ውኃ ሊይዝ ይችላልና። ረባዳው ለሩዝ ይመቻል፤ ለሽንኩርት ግን የሚሆነው ውኃው ሸሽቶ አፈሩ ከጠፈፈ በኋላ ነው።

ከዚያ በደረቁ ወለል ላይ ወደ ታች ይራመዱ። በመታጠፊያው ውጫዊ ዳር አፈሩ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ፣ የዛፍ ሥር ተራቁቶ ካገኙ፣ ወንዙ ወደዚያ እየገፋ ስለሆነ ሞተርም ሆነ ቦይ ወደዚያ አያስጠጉ። በተቃራኒው ዳር የተከማቸው አሸዋም ለሞተር አስተማማኝ አይደለም፤ የሚቀጥለው ሙላት ሊያነሣው ይችላል። የሚሻለው ወንዙ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ ዳሩም በሣርና በዛፍ የተያዘ ቦታ ነው። ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ጉድፍ የውኃውን ከፍታ ያሳያል። ሜዳውን አቋርጦ የሚያልፍ ጠመዝማዛ ስርጓዳ ካዩ ደግሞ የወንዙ የቀድሞ መንገድ ሊሆን ስለሚችል፣ በዕድሜ የገፉ የአካባቢውን ገበሬዎች ይጠይቁ።

በርብ ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የድሮው የሙላት ልክ ብቻውን አይበቃም። ግድቡ ከላይ የሚመጣውን ውኃ ይይዛል፤ ከግድቡ በታች የሚገቡት ገባር ወንዞች ግን በክረምት እንደ ቀድሞው ይሞላሉ። ስለዚህ አሮጌውን ምልክት ከቅርብ ዓመታቱ ጋር ያነጻጽሩ።

በመጨረሻም ሐይቁን ይመልከቱ። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ሲሆን፣ ዝቅ የሚለው ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ነው። ሐይቁ ሲሞላ የወንዙ አፍ ስለሚታፈን ውኃው ወደ ኋላ ይተኛል። በባሕር ሸሽ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ በሚገለጠው መሬት ላይ ሽምብራ ወይም ጓያ ለመዝራት ከፈለጉ፣ ውኃው የደረሰበትን ጫፍ በየሳምንቱ በችካል ምልክት እያደረጉ ይከታተሉ፤ መሬቱን ሲረግጡት እግር መስመጥ ሲያቆም፣ እርጥበቱ ግን ገና ሳይሸሽ ዘሩን ያድርሱ።